ጩኸት የዋጠው ሙዚቃ፦ የቢትልስ የሆሊውድ ቦውል ቅጂዎችና የድምፅ ፊዚክስ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1964 ምሽት በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሆሊውድ ቦውል በሚባለውና በኮረብታ ተዳፋት ላይ በተሠራው ጣሪያ አልባ የትርኢት ሥፍራ፣ ከ17,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። የተሰበሰበውም አራት እንግሊዛውያን ወጣቶችን፣ ማለትም ጆን ሌነንን፣ ፖል ማካርትኒን፣ ጆርጅ ሃሪሰንንና ሪንጎ ስታርን ለማየት ነው። «ለመስማት» ያላልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢትልስ የተባለው ይህ የሮክ ሙዚቃ ቡድን መድረክ ላይ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ እስኪወርድ ድረስ ታዳሚው ጩኸቱን ስላላቋረጠ፣ ዘፈኑን በቅጡ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር።

ካፒቶል ሪከርድስ የተባለው ኩባንያ የዚያን ምሽት ትርኢት በማግኔታዊ ቴፕ ቀድቶታል። ቡድኑ በተከታዩ ዓመት፣ ኦገስት 29 እና 30 ቀን 1965፣ ወደዚያው መድረክ ሲመለስም እንዲሁ ተቀድቷል። ሆኖም ቴፖቹ ሲደመጡ ጩኸቱ ሙዚቃውን ውጦት ስለተገኘ ለሕዝብ ለመቅረብ አይበቁም ተብለው በመጋዘን ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወጥተዋል። የመጀመሪያው አልበም በ1977 ታተመ፤ ሁለተኛው በ2016። ሁለቱን አነጻጽሮ የሚያዳምጥ ሰው በኋለኛው ውስጥ የዘፋኞቹ ድምፅ ይበልጥ ጎልቶና ጠርቶ፣ ጩኸቱም ወደ ኋላ አፈግፍጎ ያገኘዋል። በ52 ዓመታት ውስጥ ግን በቴፖቹ ላይ አንዲት ኖታ እንኳ አልተጨመረችም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ከፊዚክስ አንጻር መልስ ለመስጠት ይሞክራል። መልሱም የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ ያልሆነውን አንባቢ ጭምር የሚመለከት ሆኖ እናገኘዋለን።

ጩኸቱ ምን ያህል ነበር?

የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል እንደሆነ ይታወቃል። ዴሲቤል የሎጋሪዝም መለኪያ ነው። የድምፁ ኃይል በአሥር እጥፍ ሲያድግ 10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ። በመሆኑም የ50 ዋት አምፕሊፋየርን በ100 ዋት መተካት ብዙ ሰዎች እንደሚገምቱት ድምፁን «ሁለት እጥፍ» አያጎላውም፤ የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው።

አሁን አንድ ግምታዊ ስሌት እንሥራ። አንድ ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲጮኽ በ1 ሜትር ርቀት ላይ 100 ዴሲቤል ያህል ይሰማል እንበል። ድምፅ በክፍት ቦታ ሲጓዝ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ይኸው ጩኸት በ50 ሜትር ርቀት ላይ 34 ዴሲቤል ያጣና 66 ይሆናል። ይህም ከተራ ንግግር እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ የሚጮኹት 17,000 ናቸው። የ17,000 ሎጋሪዝም በ10 ሲባዛ 42 ገደማ ነው። ሁሉም በአማካይ ከመድረኩ 50 ሜትር ርቀው ቆመው በአንድ ጊዜ ቢጮኹ 66 ሲደመር 42፣ ማለትም 108 ዴሲቤል መድረኩ ላይ ይደርሳል። በማናቸውም ቅጽበት የሚጮኸው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው ብንል እንኳ የሚቀንሰው 10 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ 98 ይቀራል። ከተመልካቹ ዘጠኝ አሥረኛውን ዝም ማሰኘት ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ማምጣቱ የሎጋሪዝም መለኪያ ባሕርይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ይሏል። ከላይ የደመርነው የድምፆቹን ኃይል እንጂ የሞገዶቹን ከፍታ አይደለም። 17,000 ሰዎች የሚያወጧቸው ሞገዶች እርስ በርስ ስላልተቀናጁ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ አንዱ የሌላውን ከፊሉን ያጠፋል። በዚህም ምክንያት የድምሩ ከፍታ የሚያድገው 17,000 ጊዜ ሳይሆን የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት በሆነው 130 ያህል ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ጩኸት የራሱ ባለቤትና የራሱ ቅላጼ ያለው ቢሆንም፣ ሁሉም ሲደመሩ መልክ የሌለው፣ እንደ ፏፏቴ ድምፅ ያለ ሁካታ ይሆናሉ። የጩኸቱ መልክ አልባነት በኋላ ጠቃሚ ሆኖ ስለሚመጣ እንያዘው።

ማይክሮፎኑ ከታዳሚው በተሻለ ለምን ሰማ?

አሁን ወደ ዘፋኙ እንምጣ። ጮክ ብሎ የሚዘፍን ሰው ድምፅ በ1 ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል ነው እንበል። በ50 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ተመልካች ያለ ማጉያ የሚደርሰው 56 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህን ከ98 ዴሲቤሉ ጩኸት ጋር ለማስተካከል የድምፁን ኃይል በ42 ዴሲቤል፣ ማለትም በ16,000 እጥፍ ገደማ ማጉላት ያስፈልጋል። ማጉያው ድምፁን በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚረጭ ከሆነ ይህ 200 ዋት ያህል ንጹሕ የድምፅ ኃይል ነው። ተራ ስፒከሮች ከሚሰጣቸው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጡት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ በመሆኑ ብዙ ኪሎዋት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የነበሩት የትርኢት ማጉያዎች ለዚህ የተሠሩ አልነበሩም። ዛሬ በየመድረኩ የምናያቸውና የሙዚቀኞቹን ድምፅ ለራሳቸው መልሰው የሚያሰሙት ስፒከሮችም በዚያን ጊዜ አልተለመዱም። ሪንጎ ስታር ከድራሙ ጀርባ ተቀምጦ ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው የባልደረቦቹን የሰውነት እንቅስቃሴ ከኋላ እያየ እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

የማይክሮፎኑ ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ማይክሮፎኑ ከዘፋኙ አፍ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል እንበል። ከ1 ሜትር ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ በ20 እጥፍ አጥሯል፤ የድምፁ ጥንካሬም በ400 እጥፍ፣ ማለትም በ26 ዴሲቤል ጨምሯል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ዘንድ የዘፋኙ ድምፅ 116፣ የታዳሚው ጩኸት ደግሞ 98 ዴሲቤል ነው። ዘፋኙ ጩኸቱን በ60 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። በዚያ ምሽት ከነበሩት ሰዎች መካከል አንዱም ያልሰማውን ዘፈን ማይክሮፎኑ ሰምቶታል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዘፋኙ ፊቱን ከማይክሮፎኑ ጥቂት ባራቀ ቁጥር፣ ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር፣ ወይም ታዳሚው አብሮ በፈነዳ ቁጥር ይህ ልዩነት ይጠባል። በተጨማሪም ቅጂው የተደረገው ባለ ሦስት ትራክ በሆነ ቴፕ ላይ ነው። ሁሉም የዘፋኞች ድምፆችና ሁሉም መሣሪያዎች በሦስት መስመሮች ብቻ ተጨናንቀው መቀመጥ ነበረባቸው፤ ጩኸቱም በሦስቱም መስመሮች ላይ ገብቷል። ዛሬ እያንዳንዱ ከበሮ እንኳ የራሱ ትራክ ሊኖረው እንደሚችል ስናስብ ችግሩ ግልጽ ይሆንልናል።

የ1977ቱ ሥራ እና የወንፊት ገደብ

በ1970ዎቹ አጋማሽ የካፒቶል ፕሬዚዳንት የነበሩት ባስካር ሜነን፣ የቢትልስ ፕሮዲዩሰር ለነበረው ለጆርጅ ማርቲን ቴፖቹን እንዲያዳምጥ ጥያቄ አቀረቡለት። የመጀመሪያው ችግር ቴፖቹን የሚያጫውት መሣሪያ ማግኘት ነበር፤ ባለ ሦስት ትራክ ማጫወቻዎች ከአገልግሎት ወጥተው ነበርና። የተገኘው አሮጌ ማሽንም ሲሠራ ከመጠን በላይ ይግል ስለነበር በቫኪዩም ክሊነር ቀዝቃዛ አየር እየነፉበት ሥራውን እንደጨረሱ ማርቲን ራሱ ለአልበሙ በጻፈው መግቢያ ላይ ገልጿል። ማርቲንና የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤምሪክ ቅጂውን ወደ አዲስ ቴፕ ካዛወሩ በኋላ ማጣሪያዎችን ተጠቅመው አስተካከሉት፤ ከ1964 እና ከ1965 ምሽቶች የተሻሉትን 13 ዘፈኖችም መረጡ።

ማጣሪያ የሚሠራው እንደ ወንፊት ነው። ወንፊት እህልን በመጠን ይለያል፤ የድምፅ ማጣሪያም ሞገዶችን በድግግሞሻቸው ይለያል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ይርገበገባል፤ የሰው ጩኸት ደግሞ በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ ነው። እነዚህን ሁለቱን ወንፊት ይለያቸዋል። ነገር ግን የጩኸቱ ዋነኛ ኃይል የሚገኝበት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለው ክልል፣ የዘፋኙ ቃላት የሚለዩበት፣ የጊታሩም ጥራት የሚታወቅበት ክልል ነው። ጆሯችንም ይበልጥ ንቁ የሚሆነው በዚሁ አካባቢ ነው። ጩኸቱን በማጣሪያ ቀንሱ ቢባል ዘፋኙም አብሮ ይቀነሳል። እናቶቻችን እንደሚያውቁት አሸዋው ከጤፉ ጋር እኩል ሲሆን ወንፊት ዋጋ የለውም። የ1977ቱ አልበም በጊዜው ሊደረስበት የሚቻለው ጫፍ ላይ የደረሰ ቢሆንም በዚህ ገደብ ውስጥ የታሰረ ነበር።

ከወንፊት ወደ ሰፌድ

ወንፊት ያልለየውን አሸዋ እናቶቻችን በሰፌድ አንገዋልለው ይለዩታል። ሰፌድ የሚጠቀመው በእህሉ መጠን ሳይሆን በሌላ ባሕርይ፣ በክብደቱና በአንቀሳቃሴው ልዩነት ነው። የድምፅ ተመራማሪዎችም ያደረጉት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሙዚቃና ጩኸት ድግግሞሻቸው አንድ ቢሆንም፣ በጊዜ ሂደት ውስጥ የሚያሳዩት ጠባይ የተለያየ ነው።

ይህን ጠባይ ለማየት ስፔክትሮግራም የሚባል ሥዕል ይዘጋጃል። ድምፁ በጣም አጫጭር በሆኑ የጊዜ ቁራጮች ይከፋፈልና በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በፉሪየር ስሌት ይወሰናል። አግድሙ ጊዜን፣ ቁሙ ድግግሞሽን ያሳያል። በዚህ ሥዕል ላይ የጊታር ክር ድምፅ እንደ መሰላል ደረጃ የተደረደሩ አግድም መስመሮች ሆኖ ይታያል፤ 220 ኸርዝ የሚርገበገብ ክር በ440፣ በ660፣ በ880 ኸርዝ ላይም አጃቢ ድምፆች አሉትና። የድራም ምት አጭርና ሁሉንም ድግግሞሽ የሚነካ በመሆኑ ቀጥ ያለ የቁም መስመር ይሠራል። የዘፋኝ ድምፅ እንደ ጊታሩ መሰላል አለው፤ ነገር ግን መሰላሉ ከዜማው ጋር ይወጣል ይወርዳል። የ17,000 ሰው ጩኸት ግን መስመር የለውም፤ እንደ ጉም ተበትኖ ይታያል። ቀደም ሲል ያስያዝነው መልክ አልባነት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ጉሙ መልክ ባይኖረውም መስመሮቹ አላቸው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ የሚያውቀው አንድ ሕግ ጣልቃ ይገባል። የጊዜ ቁራጩ 0.05 ሴኮንድ ከሆነ ከ20 ኸርዝ ያነሰ የድግግሞሽ ልዩነት መለየት አይቻልም። በቤዝ ጊታር ላይ በ41 እና በ44 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ሁለት ተከታታይ ኖታዎች ለመለየት 0.4 ሴኮንድ ያህል ማዳመጥ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ድራሙ ብዙ ጊዜ ሊመታ ስለሚችል የምቱ ሰዓት ይደበዝዛል። ጊዜንና ድግግሞሽን በአንድነት እጅግ አጥርቶ ማወቅ አይቻልም። ይህ በኳንተም ሜካኒክስ ከምንማረው የሃይዘንበርግ መርሕ ጋር አንድ የሒሳብ መሠረት ያለው የሞገድ ሁሉ ባሕርይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የማካፈል ሥራ ነው። በስፔክትሮግራሙ ላይ ለሚገኘው ለእያንዳንዱ ትንሽ ሕዋስ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ እዚህ ካለው ኃይል ምን ያህሉ የዘፋኙ፣ ምን ያህሉ የጊታሩ፣ ምን ያህሉ የጩኸቱ ነው? ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱን ዳንኤል ሊ እና ሰባስቲያን ሱንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ በሰፊው እንዲታወቅ አድርገውታል። ዘዴው ትልቁን የቁጥር ሠንጠረዥ የጥቂት ቋሚ ቅርጾች ድምር አድርጎ ይገልጸዋል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ መቼና ምን ያህል እንደታየም ያሰላል። ኃይል ከዜሮ በታች ስለማይሆን ቅርጾቹ መደመር እንጂ መቀናነስ አይችሉም፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ቅርጽ ወደ አንድ እውነተኛ የድምፅ ምንጭ ይጠጋል። በለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ጄምስ ክላርክ የተቀላቀሉ ድምፆችን በኮምፒዩተር መልሶ የሚነጣጥል አሠራር አዘጋጀ፤ የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲንም ከመሐንዲሱ ሳም ኦኬል ጋር በዚህ አሠራር ተጠቅሞ የ2016ቱን ባለ 17 ዘፈን አልበም አዘጋጀ። አባት በወንፊት የሞከረውን ልጅ በሰፌድ አንገዋለለው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በመግቢያችን ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በ1964 እና በ2016 መካከል የተለወጠው ቴፑ ሳይሆን ስለ ድምፅ ጠባይ ያለን ዕውቀት ነው። ሲግናልን ከሁካታ ለመለየት ስለ ሲግናሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የምናውቀው በበዛ መጠን የምንለየውም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሲመዘገብ የሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነበር። የላይጎ መሣሪያዎች የለኩት ከፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ያነሰ እንቅስቃሴ ቢሆንም፣ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሐዱ የሚወጣው ሞገድ ምን ቅርጽ እንዳለው ከአንስታይን ንድፈ ሐሳብ አስቀድሞ ስለታወቀ፣ ያንኑ ቅርጽ በሁካታው ውስጥ መፈለግና ማረጋገጥ ተችሏል።

መመለስና መፈልሰፍ

አንባቢ እዚህ ላይ ተገቢ ጥርጣሬ ሊያድርበት ይችላል። ስለ ዘፋኙ ድምፅ የምናውቀውን ተጠቅመን ዘፋኙን ከጩኸቱ ውስጥ የምናወጣ ከሆነ፣ ያወጣነው በእርግጥ በዚያ ምሽት የዘፈነውን ነው ወይስ እኛ የጠበቅነውን? ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ መልሱም ሦስት ደረጃ አለው።

በመጀመሪያው ደረጃ፣ በሕዋሱ ውስጥ የዘፋኙ ኃይል ከጩኸቱ ሲበልጥ ወይም ሲስተካከል፣ የምናገኘው በቴፑ ላይ በእርግጥ ያለውን ነው። በሁለተኛው ደረጃ፣ ጩኸቱ ዘፋኙን በ20 ዴሲቤል፣ ማለትም በመቶ እጥፍ ሲበልጠው፣ ግምታችን ይንገዳገዳል። ኃይሉን በትክክል ብናካፍል እንኳ የሞገዱ ፌዝ፣ ማለትም በዚያ ቅጽበት የት ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ በጩኸቱ ተበላሽቷል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ የተለየው ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም በቴፑ ላይ ያልደረሰው ይገኛል። ኦገስት 29 ቀን 1965 በትርኢቱ መጀመሪያ ላይ የፖል ማካርትኒ የማይክሮፎን መስመር ተበላሽቶ ነበር። በማንም ማይክሮፎን ያልተያዘን ድምፅ የትኛውም ሒሳብ አይመልሰውም። አንድ ማሽን «መልሼዋለሁ» ቢል የፈለሰፈው እንጂ ያገኘው አይደለም።

ከ2016 ወዲህ ይህ ልዩነት ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የቢትልስ ዘፈን፣ ጆን ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ በቤቱ በካሴት ከቀዳው ላይ ድምፁ በማሽን ትምህርት ከፒያኖው ተለይቶ የተሠራ ነው። ድምፁ የራሱ ነው፤ የተደረገው መለየት ነው። ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ቴክኖሎጂ ግን ሰውየው ፈጽሞ ያልዘፈነውን ዘፈን በእሱው ድምፅ ሊያዘፍን ይችላል። ሁለቱን የሚለያቸው የማሽኑ ዓይነት ሳይሆን፣ ውጤቱን ከዋናው ቅጂ ጋር አስተያይቶ መፈተሽ መቻሉ ነው። ዋናው ቅጂ ከሌለ ክርክሩን የሚፈታ ዳኛ የለም።

የማይሰማው ድምፅ ዋጋ

ከዚህ ታሪክ አንድ ተግባራዊ ትምህርት እናገኛለን። ቴፖቹ በ1964 «አይረቡም» ሲባሉ ቢጣሉ ኖሮ የ1977ቱም ሆነ የ2016ቱ ሥራ አይኖርም ነበር። በጊዜው የማይሰማ የነበረው ድምፅ «ምንም» አልነበረም፤ የሚለየውን ዕውቀት የሚጠብቅ ነበር።

በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤቱ በቴፕና በካሴት የተቀዱ ዘፈኖች፣ ቅኔዎች፣ የሠርግና የለቅሶ ግጥሞች፣ የአዛውንቶች ቃል አሉ። ወደ ኮምፒዩተር የሚያዛውሯቸው ብዙዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ በኤም ፒ ስሪ ይዘት ያስቀምጧቸዋል። ይህ ይዘት ቦታ የሚቆጥበው የሰው ጆሮ አይሰማውም ብሎ የሚገምተውን በመጣል ነው፤ በዋነኛነት የሚጥለውም በጎላ ድምፅ ሥር የተሸፈነውን ደካማ ድምፅ ነው። ከላይ እንዳየነው ግን የነገው ዘዴ የሚፈልገው ያንኑ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቅጂ የሚያዛውር ሰው ሳይጨመቅ፣ ለምሳሌ በዌቭ ይዘት፣ ቢያስቀምጠው፤ ሁካታውን ያጸዳ ቢሆን እንኳ ያልጸዳውን ቅጂ ባይሰርዘው፤ ካሴቱንም ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከማግኔት አርቆ ቢያኖረው መልካም ነው። ዛሬ እኛ ከጩኸቱ በቀር የማንሰማበትን ካሴት፣ ነገ የተሻለ ሰፌድ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሊያንገዋልለው ይችላልና።